ያላዘዝኩት ዕቃ እየመጣብኝ ነው፣ ምን ላድርግ?

ሰላም ወገን፣ ግራ ገብቶኝ ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሦስት ካርቶን በሬ ላይ ተቀምጦ አገኘሁ። ስሜም አድራሻዬም ልክ ነው፣ የላኪው ስም ግን የለም። አንዱን ስከፍተው የስልክ ሽፋን፣ ያውም ለሌለኝ ስልክ! ስቄ ተውኩት። ትናንት የክሬዲት ካርዴን ሂሳብ ሳይ ግን የማላውቃቸው ሁለት ክፍያዎች አሉ፤ አንዷ ኢምንት ናት፣ ካርዱ መሥራቱን መሞከሪያ መሰለችኝ፣ ሁለተኛዋ ግን ወገቤን ነው የቆረጠችው። ካርዱን አዘግቼ ለባንኩ አመልክቻለሁ፣ የይለፍ ቃሎቼንም ቀይሬያለሁ። አሁን የጨነቀኝ ዕቃው ነው። ልመልሰው? ላስቀምጠው? ማታ ደግሞ አንድ ሰውዬ ደውሎ «በስህተት የመጣ ዕቃ አለ፣ መጥቼ ልውሰድ» አለኝ። ስልኬን ከየት አገኘው? እሺም እምቢም ሳልል ዘጋሁበት። እንዲህ የገጠመው ካለ ቶሎ ይንገረኝ፣ ሰውዬው መልሶ መደወሉ አይቀርም።