የደመወዝ ወለሉን ፓርላማው ራሱ ይወስን ወይስ ለቦርድ ይተው?

አወያይ፦

የተከበራችሁ የቡድናችን አባላት፣ የዚህ ሳምንት መከራከሪያችን የሚከተለው ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 55 ላይ የመንግሥት፣ የሠራተኞችና የአሠሪዎች ተወካዮች የሚገኙበት የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም፣ ቦርዱም የአገሪቱን የኢኮኖሚ ዕድገትና የሥራ ገበያውን ሁኔታ እያጠና ዝቅተኛውን የደመወዝ ወለል በየጊዜው እንደሚወስን ይገልጻል፤ ዝርዝሩን ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ትቶታል። ይሁን እንጂ በግል ድርጅት ለተቀጠረ ሠራተኛ እስካሁን በሥራ ላይ የዋለ ወለል የለም። እንደራሴዎቻችን ቁጥሩን ራሳቸው በአዋጁ ውስጥ ማስፈር ነበረባቸው ወይስ ለቦርድ መተዋቸው ትክክል ነበር? ሐሳባችሁን ከነምክንያቱ አቅርቡ።

የልብስ ስፌት ሠራተኛ፦

እኔ በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ የመስመር ሠራተኛ ነኝ፤ የመሠረታዊ ሠራተኛ ማኅበራችንም አባል ነኝ። ቁጥሩ በአዋጅ መጻፍ ነበረበት እላለሁ። አንዲት ከገጠር የመጣች የ19 ዓመት ልጅ የቅጥር ውል ስትፈርም ከድርጅቱ ጋር ተደራድራ ደመወዝ ታስጨምራለች ብሎ የሚያስብ ሰው ካለ የፋብሪካ በር ላይ ቆሞ አያውቅም።

የደመወዝ ወረቀታችንን ብታዩት ነገሩ ይገባችኋል። ከላይ መደበኛ ደመወዝ የሚል አነስተኛ ቁጥር አለ፤ ከሥሩ የትራንስፖርት አበል፣ የምሳ አበልና ያለ ቀሪ ለሠራ የሚሰጥ ማበረታቻ ተደርድረዋል። ልጄ ታማ አንድ ቀን ብቀር የዚያ ቀን ክፍያ ብቻ ሳይሆን የወሩ ማበረታቻ በሙሉ ይሰረዛል። ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር በአንድ ክፍል እንኖራለን። የቧንቧ ውኃ በማይመጣበት ሳምንት በጀሪካን ስለምንገዛ፣ ደመወዜ ወሩ ሳይጋመስ ያልቃል።

የሰው ኃይል አስተዳደር ባለሙያ፦

የእህታችንን ችግር አልክድም፤ ሥራዬ ስለሆነ በየወሩ አየዋለሁ። ሆኖም ቁጥርን በአዋጅ ማሰር አደገኛ ነው። በመጀመሪያ፣ አዋጅ ለማሻሻል ጊዜ ይፈጃል፤ ገበያው ግን አይጠብቅም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ማሻሻያ በኋላ የብር ዋጋ ምን ያህል እንደተለወጠ ሁላችንም እናውቃለን፤ በ2011 ዓ.ም. የተጻፈ ቁጥር ቢኖር ኖሮ ዛሬ ለሠራተኛው የማይረባ በሆነ ነበር። ሁለተኛ፣ የአዲስ አበባና የአንድ አነስተኛ ከተማ የኑሮ ውድነት አንድ አይደለም፤ የባንክ ሠራተኛና አምስት ሰው ቀጥሮ የሚሠራ የእንጨት ሥራ ቤትም በአንድ ቁጥር ሊዳኙ አይገባም።

ከሁሉ በላይ ግን የአጎዋን ጉዳይ አስታውሱ። አገራችን ከታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ከቀረጥ ነፃ የአሜሪካ ገበያ ዕድሏ ሲቋረጥ ስንት ፋብሪካ ትዕዛዝ እንዳጣ፣ ስንት ሰው ከሥራ እንደተሰናበተ በቅርብ ያየ ሰው ወጪን በአንድ ጊዜ የሚያንር ሕግ አይመክርም። ሥራ ከሌለ የደመወዝ ወለል ለማን ይሆናል?

ከወረዳ የሚሳተፍ አባል፦

ለመሆኑ ፓርላማ የምንልከው ሰው ሥራው ይህ ነው? እኛ ወረዳ የጉድጓዱ ፓምፕ ከተበላሸ ቆይቷል፤ የጤና ጣቢያው መድኃኒት የለውም። ተወካያችን በክረምት ለመራጭ ውይይት ሲመጣ ስለ ውኃ ስንጠይቀው የክልል ሥራ ነው አለን። ስለ ፋብሪካ ሠራተኛ ደመወዝ ከመከራከራችሁ በፊት ተወካይ ለወረዳው ምን አመጣ የሚለውን ብትጠይቁ ይሻላል።

በጡረታ መሥሪያ ቤት ያገለገሉ አባል፦

የሠራተኛዋ ልጄ ስለ ደመወዝ ወረቀቱ የጻፈችውን እንዳታልፉት እለምናችኋለሁ፤ ነገሩ ከወር ደመወዝ አልፎ እስከ እርጅና ይከተላታል። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ በአዋጅ ቁጥር 715/2003 ሲጀመር ትልቅ እርምጃ ነበር፤ ከዚያ በፊት ዕድሜ ልኩን በግል ድርጅት ያገለገለ ሰው በአብዛኛው ባዶ እጁን ነበር የሚሰናበተው። ዛሬ አሠሪው 11 በመቶ፣ ሠራተኛው 7 በመቶ፣ በድምሩ 18 በመቶ ይዋጣል። ግን 18 በመቶው ከምን ላይ ነው? ከመደበኛው ደመወዝ ላይ ነው፤ አበልና ማበረታቻ አይነካም።

ሁለት ሠራተኞችን እናስብ፤ ሁለቱም በወር ጠቅላላ 5,000 ብር ያገኛሉ። የአንዱ 5,000 ብር በሙሉ መደበኛ ደመወዝ ነው፤ የሌላው 2,500 ብሩ ደመወዝ፣ 2,500 ብሩ ልዩ ልዩ አበል ነው። ለመጀመሪያው በየወሩ 900 ብር ይዋጣለታል፤ ለሁለተኛው 450 ብር። በ2003ቱ አዋጅ ስሌት ለ10 ዓመት አገልግሎት የደመወዙ 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ እየታከለ የጡረታ አበል ይታሰባል፤ ለ25 ዓመት አገልግሎት 48.75 በመቶ ይሆናል ማለት ነው። ደመወዛቸው ሳይለወጥ ጡረታ ቢወጡ አንዱ 2,437 ብር ከ50፣ ሌላው 1,218 ብር ከ75 ይደርሰዋል። እኩል ደክመው፣ እኩል ብር እየተቀበሉ ኖረው፣ በ60 ዓመታቸው አንዱ የሌላውን ግማሽ ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። ይህን ስሌት በሥራ ዘመናቸው ሳያውቁ ቆይተው የጡረታ አበላቸው ሲነገራቸው የሚደነግጡ ሰዎችን ብዙ ጊዜ አስተናግጃለሁ፤ በዚያ ሰዓት ማድረግ የሚቻል ነገር አልነበረም።

የሕግ ባለሙያ፦

ጋሼ ያቀረቡት ስሌት ለእኔ የክርክሩ እምብርት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ አንቀጽ 53 የትርፍ ሰዓት ክፍያን፣ የትራንስፖርትና መሰል አበሎችን፣ ቦነስንና ማበረታቻን ከደመወዝ ትርጉም ውጭ ያደርጋቸዋል። ከጡረታው በተጨማሪ የሥራ ስንብት ክፍያም በደመወዝ ላይ ተመሥርቶ ነው የሚሰላው። ያው ምክር ቤት የቀን የትርፍ ሰዓት ክፍያን ወደ አንድ ተኩል እጥፍ፣ የወሊድ ፈቃድን ከ90 ወደ 120 ቀን ከፍ ማድረጉ የሚመሰገን ነው፤ ነገር ግን የመነሻው ደመወዝ ወለል ከሌለው አንድ ተኩል እጥፉም የትንሽ ነገር አንድ ተኩል እጥፍ ሆኖ ይቀራል።

ወደ ጥያቄው ስመለስ፣ ቁጥሩ በአዋጅ ባለመጻፉ ምክር ቤቱን አልወቅስም። የሰው ኃይል ባለሙያው ወንድማችን ስለ ዋጋ መለዋወጥና ስለ አካባቢ ልዩነት ያሉት ተገቢ ነው፤ ለሦስት ወገን ቦርድ መተዉም በብዙ አገር የተለመደ አሠራር ነው። ጥፋቱ ሥልጣኑን ያለ ቀነ ገደብ አሳልፎ መስጠቱ ላይ ነው። አዋጁ ቦርዱ እስከ መቼ ይቋቋም፣ ባይቋቋምስ ምን ይሁን ለሚለው መልስ የለውም። በሕግ የታወቀ መብት በአንድ ደንብ አለመውጣት ምክንያት ለዓመታት ታግዶ ሲቀመጥ፣ ያንን ሕግ ያጸደቀ እንደራሴ ሥራዬን ጨርሻለሁ ሊል አይችልም። አስፈጻሚውን ጠርቶ መጠየቅ የምክር ቤቱ ሥልጣንም ግዴታም ነው።

ስለ አጎዋ የተነሳውንም በጥሞና ልየው። በ2011 ዓ.ም. ገደማ የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ መነሻ ደመወዝ በወር 26 የአሜሪካ ዶላር አካባቢ እንደነበር በወቅቱ በሰፊው ተዘግቧል፤ በዓለም የልብስ ኢንዱስትሪ ውስጥ ከዚያ የሚያንስ ማግኘት አዳጋች ነበር። ሆኖም በኅዳር 2014 ዓ.ም. ፒቪኤች የተባለው የአሜሪካ አልባሳት ኩባንያ በፓርኩ የነበረውን ፋብሪካ ዘግቶ ሲወጣ ምክንያቱ ጦርነቱና የአጎዋ መዘዙ እንጂ የደመወዝ መናር አልነበረም። ርካሽ ጉልበት ያን ጊዜ ፋብሪካውን አላቆየውም። መንግሥት ደግሞ ለራሱ ሠራተኞች ዝቅተኛውን ደመወዝ በ2017 ዓ.ም. ከ1,100 ወደ 4,760 ብር፣ በ2018 ዓ.ም. ወደ 6,000 ብር ከፍ አድርጓል፤ እሰየው። ለራሱ ሠራተኛ ወለል ማስቀመጥ የቻለ መንግሥት ለግሉ ዘርፍ ሠራተኛ ወለሉን የሚያጠና ቦርድ ማቋቋም አይከብደውም።

ከወረዳ ለተሳተፉት ወንድማችንም መልስ አለኝ፤ ጥያቄያቸው የሚናቅ አይደለም። የወረዳ ውኃና ጤና ጣቢያ በዋናነት የወረዳና የክልል ምክር ቤቶች ኃላፊነት ነው፤ እዚያም የመረጧቸው ተወካዮች አሉ። የሠራተኛ ሕግ ማውጣት ግን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 ለፌዴራሉ ምክር ቤት የተሰጠ ነው፤ የፌዴራል ተወካዩ ካልሠራው በእርሱ ቦታ የሚሠራው የለም። ሁለቱ ጉዳዮችም ይገናኛሉ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 መሠረት ከግል ድርጅት ተቀጣሪዎች የሚሰበሰበው የሥራ ግብር የክልል ገቢ ነው። ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ወዲህ እስከ 2,000 ብር የሚደርስ የወር ገቢ ከግብር ነፃ መሆኑ ለዝቅተኛ ተከፋዩ እፎይታ ነው፤ በሺዎች የሚቆጠር ሠራተኛ የዚያ መጠን ዙሪያ ላይ ሲረግጥ ግን ከፋብሪካው አጠገብ ያለው ከተማ ውኃና መንገድ የሚጠይቅ ሕዝብ እንጂ ገቢ አያገኝም። የኪራይ ጉዳይም እንዲሁ ነው፤ ምክር ቤቱ በ2016 ዓ.ም. የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1320ን ማውጣቱ ጥሩ ሆኖ ሳለ፣ የኪራይ ጭማሪን ከመገደብ ጎን ለጎን የተከራይዋን ገቢ ከወለል በታች እንዳይወርድ ካላደረገ ግማሽ ሥራ ነው።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ አንቀጽ 55 እንዲሻሻል ነው፤ ቦርዱ በአንድ ዓመት ውስጥ ተቋቁሞ የመጀመሪያውን ወለል በዘርፍና በአካባቢ ለይቶ እንዲያሳውቅ፣ ካላሳወቀ ጉዳዩ ለውሳኔ ወደ ምክር ቤቱ እንዲመለስ፣ ወለሉም በመደበኛ ደመወዝ ላይ እንጂ አበል ተደምሮ እንዳይሰላ።

የሰው ኃይል አስተዳደር ባለሙያ፦

በቀነ ገደቡ እስማማለሁ፤ አሠሪውም ቢሆን ነገ ምን እንደሚመጣ አለማወቁ ይጎዳዋል። ወለሉ በመደበኛ ደመወዝ ላይ ብቻ ይሰላ በሚለው ግን አልስማማም። አበሎቹ ወደ ደመወዝ ሲዞሩ የድርጅቱ 11 በመቶ መዋጮ፣ የትርፍ ሰዓቱና የስንብት ክፍያው በአንድ ወር አብረው ያድጋሉ። በዶላር ውል ገብቶ ዋጋውን ማስተካከል የማይችል አምራች ይህን አይቋቋምም። ምሳና ሰርቪስ የሚያቀርብ ድርጅት ደግሞ ምንም ከማያቀርበው እኩል መቆጠሩ ፍትሐዊ አይሆንም።

በጡረታ መሥሪያ ቤት ያገለገሉ አባል፦

የሽግግር ጊዜ ይሰጣቸው። የግል ድርጅቶች የጡረታ መዋጮ ራሱ በአንድ ቀን 11 እና 7 በመቶ አልሆነም፤ በየዓመቱ በደረጃ እያደገ ነው እዚያ የደረሰው። ያን ጊዜም ድርጅት ይዘጋል የሚል ስጋት ነበር።

የልብስ ስፌት ሠራተኛ፦

የጋሼን ሐሳብ እቀበላለሁ፤ ቀኑ በአዋጁ ላይ እስከ ተጻፈ ድረስ አበሉ በሁለት በሦስት ዓመት ቀስ እያለ ወደ ደመወዝ ቢዞር እታገሣለሁ። ያለ ቀን ግን አልታገሥም፤ ከእኔ ጋር በአንድ መስመር ይሠሩ የነበሩ ልጆች ብዙዎቹ ወደ ዓረብ አገር ሄደዋል። ምክር ቤቱ ሰኔ 30 ሥራውን ሲዘጋ ተወካያችን ወደ ከተማችን ይመጣል፤ የማኅበራችን አባላት በውይይቱ ላይ የምናነሳው ጥያቄ ተዘጋጅቷል። የአዋጁ አንቀጽ 55 ደንብ የት እንደደረሰ የሚመለከተውን ሚኒስትር በየትኛው ቀን እንደጠየቁና ምን መልስ እንደተሰጣቸው እንዲነግሩን ነው።