ክርክር፦ ሩሲያን ዩክሬን ውስጥ ያስገባት የኔቶ ስጋት ነው ወይስ የግዛት ጥማት? (ቀኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር)

ጠያቂ፦ የሩሲያን ሥራ ኢምፔሪያሊዝም፣ ማለትም የግዛት ጥማት፣ ማለትን አልቀበልም። ኔቶ በኤፕሪል 2008 ቡካሬስት ላይ ዩክሬንና ጆርጂያ አባል ይሆናሉ ብሎ አወጀ፤ በኦገስት የጆርጂያ ጦርነት ተነሳ። ደጃፉ ላይ ጦር ሲሰፍርበት ዝም የሚል ማን ነው?

መዝገብ፦ የዩክሬኗ ባሕረ ገብ መሬት ክራይሚያ በማርች 2014 በሩሲያ ስትወሰድ የዩክሬን ሕግ ምን ይል ነበር? የ2010ሩ ሕግ አገሪቱን ከወታደራዊ ጥምረት ውጪ አድርጓት ነበር። የተሻረው ክራይሚያ ከተወሰደች በኋላ፣ ዲሴምበር 2014 ነው። ፊንላንድ ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ የጋራ ድንበር ይዛ በ2023 ኔቶ ስትገባስ ማን ጦር ሰበቀባት?

ካርታ፦ አሠራሩን ተመልከቱት። መጀመሪያ የሩሲያ ፓስፖርት ይታደላል፤ ከጆርጂያ በተገነጠሉት አብካዚያና ደቡብ ኦሴቲያ ላይ ከ2008 በፊት፣ በምሥራቅ ዩክሬኑ ዶንባስ ላይ በኤፕሪል 2019 አዋጅ። ከዚያ የሩሲያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 61 ይመዘዛል፦ መንግሥት ውጭ ያሉ ዜጎቹን ይጠብቃል። ፌብሩዋሪ 21 ቀን 2022 ለዶንባስ ተገንጣዮች እውቅና፣ በ24 ወረራ፣ ሴፕቴምበር 30 ኬርሶንን ጨምሮ አራት የዩክሬን ክልሎችን መጠቅለል። ችግሩም እዚህ ይጀምራል። ጦሩ ኬርሶን ከተማን በኖቬምበር ለቆ ወጣ፤ በ2020 የተሻሻለው የሩሲያ ሕገ መንግሥት ግን ግዛት አሳልፎ መስጠትን ይከለክላል። ስለዚህ ሞስኮ በእጇ የሌለችውን ከተማ «የኔ ናት» እያለች ለመደራደር ትቀመጣለች።

ጠያቂ፦ ከሞልዶቫ የተገነጠለችው ትራንስኒስትሪያስ? ፓስፖርቱም ጦሩም እዚያ አለ፤ አልተጠቀለለችም።

ካርታ፦ በእሷና በሩሲያ መሐል ዩክሬን አለቻ! ደግሞም ሞልዶቫን ጠፍሮ ለመያዝ ያልተፈታ ግጭት ይበቃል።

ዘመን፦ ርዕዮቱን ዘለላችሁት። ሰዉ የሩሲያን ታላቅ ግዛት የሚሰብከውን ፈላስፋ እያነሳ ዱጊን ዱጊን ይላል። እኔ ግን ፑቲን ራሱ ጁላይ 12 ቀን 2021 ያወጣውን ጽሑፍ አስቀድማለሁ፦ ሩሲያውያንና ዩክሬናውያን አንድ ሕዝብ ናቸው፤ የዛሬዋ ዩክሬን የሶቪየት ዘመን ውጤት ናት። ኔቶ ነገ ቢፈርስ ይህ ሐሳብ አብሮት አይፈርስም።

ጠያቂ፦ ሩሲያ አፍሪካን ግን ቅኝ አልገዛችም። ከዓድዋ በኋላ የቀይ መስቀል ሐኪሞች የላከችልን እሷ ናት።

መዝገብ፦ ውለታው ውለታ ነው። ቅኝ ግዛት ግን የግድ መርከብ አይፈልግም፤ የታታሮቹ ካዛን በ1552፣ የመካከለኛው እስያዋ ታሽከንት በ1865 በሩሲያ የተያዙት በየብስ ነው። ለነገሩ በ1889 አሺኖቭ የሚባል ሩሲያዊ ጀብደኛ ኮሳክ የሚባሉ ተዋጊዎቹን ይዞ የዛሬዋ ጅቡቲ ውስጥ ሳጋሎ ላይ ሰፍሮ ነበር። የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት (ዛር) ካደው፣ ፈረንሳዮች በመድፍ አባረሩት።

ጠያቂ፦ እሺ፣ የ2010ሩ ሕግ ለሞስኮ ይቀርብ የነበረው የዩክሬን ፕሬዚዳንት የያኑኮቪች ነው። እሱ በፌብሩዋሪ 2014 ሲወርድ ሞስኮ ሕጉም አብሮት ይወርዳል ብላ ሰጋች።

መዝገብ፦ ሰግታ መሬቱን ወሰደች እንበል። ታዲያ ሕጉን ያሻረው ማን ሆነ?