ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ ገንዘብ ያተርፋል?

ለክርክር የቀረበው ጥያቄ፦ የጤና በጀት ሲደለደል ዘወትር የሚነሣው «መከላከል ከማከም ይረክሳል» የሚለው ምክንያት በሒሳብ ሲመረመር ይጸናል ወይ የሚል ነው።

የጤና መኮንን፦ በእኔ እምነት ይጸናል። ለዚህም ፈንጣጣ በቂ ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 የተጠናከረው ዓለም አቀፍ ዘመቻ የፈጀው 300 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሲሆን፣ በሽታው መጥፋቱ በ1980 ከታወጀ ወዲህ ግን ለፈንጣጣ ሕመምተኛ አልጋ ያዘጋጀ አገር የለም። የኩላሊት እጥበት የሚያደርግ ሰው ያለበትን ቤትም ጠይቁ፤ ግፊቱ ወይም ስኳሩ በጊዜው ታውቆ ቢሆን ኖሮ በሬውና መሬቱ ባልተሸጠ ነበር።

የበጀት ባለሙያ፦ ፈንጣጣን መጥቀስዎ አግባብ ቢሆንም፣ እንደ ፈንጣጣ ያለ በሽታ ብዙ አይገኝም። ከሰው በቀር የሚያድርበት እንስሳ የለውም፣ ምልክቱ ፊት ላይ ይታያል፣ አንዴ ከጠፋ ደግሞ መደበኛው ክትባት ራሱ ይቀራል። ደም ግፊት ከእነዚህ አንዱንም አያሟላም። መድኃኒቱ ዕድሜ ልክ የሚወሰድ ነው፤ ከሚወስዱትም ብዙዎቹ ባይወስዱትም ስትሮክ ባልመታቸው ነበር፤ ማንን እንደሚመታ አስቀድሞ ስለማይታወቅ ግን ለሁሉም ይከፈላል። እ.ኤ.አ. በ2008 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጽሑፍ፣ ከተመረመሩት የመከላከያ ዘዴዎች ወጪ የሚቀንሱት ከመቶ ሃያ እንደማይሞሉ አሳይቷል። ለማከሚያ ዘዴዎችም ውጤቱ ተቀራራቢ ስለነበር፣ ይህን የምለው ለሆስፒታል ለማድላት አይደለም።

የጤና ጣቢያ ነርስ፦ ስለ ኩፍኝ ክትባት እኔ ልናገር። ብልቃጡ የዐሥር ሕፃናት መጠን ይይዛል፤ ዱቄቱ ከተበጠበጠ በኋላ ግን ከስድስት ሰዓት በላይ አይቆይም። በክትባት ቀን ሁለት እናቶች ብቻ ልጆቻቸውን አዝለው ሲመጡ ብልቃጡን ልክፈት ወይስ «ሌላ ቀን ተመለሱ» ልበል? ገንዘብ ለመቆጠብ ከሆነ መክፈት የለብኝም። እኔ ግን እከፍታለሁ፤ ስምንቱ ይደፋል፤ ምክንያቱም በእግሯ ሦስት ሰዓት የተጓዘች እናት ዳግም ላትመለስ ትችላለች። ደግሞስ አባባላችን «ታሞ ከመማቀቅ» አለ እንጂ «ከመክፈል» መች አለ?

የጤና መኮንን፦ የእህቴን ነገር እቀበላለሁ፤ ሁሉም መከላከል ያተርፋል ማለቴንም እተዋለሁ። ነገር ግን ወንድማችን የሚቆጥሩት የማንን ኪስ ነው? መንግሥት የመለኪያውንና የመድኃኒቱን ወጪ በመዝገቡ ላይ ያየዋል፤ የታማሚው ቤተሰብ ለትራንስፖርት፣ ለማደሪያና ለአስታማሚ የሚያወጣው፣ ሥራ ፈትቶም የሚያጣው ግን በየትኛውም የበጀት መዝገብ አይሰፍርም። ይህ ቢደመር የግፊት ምርመራ እንኳ ሌላ መልክ ይኖረው ነበር።

የበጀት ባለሙያ፦ ይደመር፤ አልቃወምም፤ የታካሚው ዕለታዊ ክኒንና የክትትል ምልልስም አብሮ ይደመር። ከዚያ በኋላም ቢሆን ብዙው ምርመራ ትርፍ ያሳያል ብዬ አላምንም። እኔን የሚያሳስበኝ ግን የተስፋው ቃል ነው። «ወጪ ይቀንሳል» ተብሎ የተፈቀደ ፕሮግራም፣ ወጪው ሳይቀንስ ሦስት ዓመት ካለፈው፣ ሕፃናትን እየጠበቀም ቢሆን በመጀመሪያ የሚታጠፈው እሱ ነው። ስለዚህ ያ ዐረፍተ ነገር ከዕቅዱ ይውጣና በምትኩ ስንት ሕፃን ከኩፍኝ እንደሚተርፍ፣ ለእያንዳንዱም ስንት ብር እንደሚወጣ ይጻፍ፤ የሚደፋው ስምንት መጠንም ሳይደበቅ አብሮ ይጻፍ። ያን ጊዜ እኔም እፈርማለሁ።