የፈረሰ ግቢ ቅንጡ ማረፊያ ይሁን? (ክርክር)

አወያይ፦ አንኮበር ላይ፣ ምኒልክ ወደ እንጦጦ ከመውጣታቸው በፊት ይቀመጡበት በነበረው የቤተ መንግሥት ኮረብታ፣ ዛሬ በጥንቱ ግቢ አምሳል የተሠራ ሎጅ እንግዳ ያሳድራል። በየገጠሩ ያሉትን የፈረሱ ግቢዎችና የድንጋይ ቤቶችም እንዲሁ እናድርግ የሚሉ አሉ። ይበጃል?

ጠጋኙ፦ ይበጃል። የድንጋይ ቤት የሚሞተው ክዳኑ ሲሄድ ነው። ዝናቡ ከላይ ወደ ግድግዳው ሆድ ይገባል፣ መሃል ያለው ጭቃ ይታጠባል፣ ግንቡ ያብጥና ይወድቃል። በየዓመቱ ክዳኑን የሚያይለት ባለቤት ያስፈልገዋል፤ ለዚያ ገንዘብ የሚያመጣው ደግሞ እንግዳ ነው። ስፔን ፓራዶር የሚባሉትን በመንግሥት ባለቤትነት የሚተዳደሩ ሆቴሎች የጀመረችው በ1928 እ.ኤ.አ. ነው። ቤተ መንግሥቶቿና ገዳሞቿ ክፍል እያከራዩ ቆመዋል።

ቅርስ ተቆርቋሪ፦ የመጀመሪያው ፓራዶር፣ የግሬዶሱ፣ እኮ አዲስ ሕንፃ ነው፤ ፍርስራሽ ላይ አልቆመም። አንኮበርም ቢሆን እንደገና ተሠራ እንጂ ታደሰ አይባልም። ሁለቱን አትቀላቅሉ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ደግሞ ቅርስን ለመጠገን እንኳ አስቀድሞ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ግንበኛው፦ ፈቃዱ ቢገኝም በሲሚንቶ ከሆነ ባይነካ ይሻላል። ጎንደር ላይ ጣሊያኖች በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ፋሲል ግቢን በሲሚንቶ ጠግነው ነበር፤ ኋላ እሱን አንስቶ በኖራ መተካት ራሱን የቻለ ሥራ ሆነ። የሲሚንቶ ማልታ እርጥበት አያሳልፍም፤ ውኃው በድንጋዩ በኩል ሲወጣ የድንጋዩን ፊት ይልጠዋል። ኖራው ተነክሮ ቢያንስ ሦስት ወር ይሰንብት። ከዚያ አንድ እጅ ኖራ ለሦስት እጅ የታጠበ ሻካራ አሸዋ። ልስኑ በአንድ ጊዜ ከ1 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ፤ በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ሳምንት ይቆይ። ቸኩሎ ፀሐይ ያስመታው በሦስተኛው ቀን እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቆ ያገኘዋል። ከፍ ባለው ደጋ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭም ያልጠናውን ኖራ ያፈርሰዋል። ስለዚህ ውጪውን ከጥር ጀምራችሁ ከክረምት በፊት ጨርሱ። ሥራ ተቋራጭ ግን ይህን ሁሉ አይጠብቅም።

ጠጋኙ፦ ውል ላይ ከተጻፈ ይጠብቃል፣ ጋሼ።

መዋቅር መሐንዲስ፦ እኔን ከልስኑ ይልቅ የሚያስፈራኝ አርማታው ነው። ቅንጡ ክፍል ፎቅና መታጠቢያ ይፈልጋል፤ ከዚያ በአሮጌ ግንብ ላይ ሶሌታ (የአርማታ ወለል) ይሞላል። 15 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሶሌታ በካሬ ሜትር 375 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ 5 በ6 ለሆነች ክፍል ከ11 ቶን በላይ ማለት ነው። በጭቃ የተያያዘ ግንብ ላይ ያንን ጭነህ መሬት ሲነቃነቅ አስበው። ጣሊያን አብሩዞ ውስጥ ሳንቶ ስቴፋኖ ዲ ሴሳኒዮ የምትባል የተራራ መንደር አለች፤ የድሮ ቤቶቿ ታድሰው የተበታተኑ የሆቴል ክፍሎች ሆነዋል፣ በጣም የተመሰገነ ሥራ ነው። በ2009ኙ (እ.ኤ.አ.) የላኲላ መንቀጥቀጥ የመንደሯ ጥንታዊ የድንጋይ ማማ ግን ወደቀ፤ ከተጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ቀደም ሲል አናቱ ላይ የተጨመረው አርማታ ነው። እኛም ስምጥ ሸለቆ አፋፍ ላይ ነን፤ በ1953 ዓ.ም. የካራ ቆሬ መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፍርሷል። ወለሉ በእንጨት ይሁን፣ ግድግዳዎቹም በብረት ማሰሪያ እርስ በርስ ይያያዙ።

ውኃና ፍሳሽ፦ ስለ ግድግዳ ብቻ ታወራላችሁ። ባለ 10 ሊትር በደቂቃ ሻወር ለ8 ደቂቃ 80 ሊትር ነው፤ ሁለት እንግዳ 160። ሽንት ቤቱ፣ አንሶላው፣ ወጥ ቤቱ ሲታከል በክፍል 300 ሊትር አይቀርም። 20 ክፍል ከሞላ በቀን 6,000 ሊትር፣ ማለትም 300 ጀሪካን። ያ ሁሉ ውኃ ሴት ልጅ በጀርባዋ ተሸክማ ከምትቀዳበት ምንጭ ሊሆን ነው?

ጠጋኙ፦ የጣሪያ ውኃ አለ። 400 ካሬ ሜትር ክዳን በ1,000 ሚሊ ሜትር የዓመት ዝናብ፣ ብክነቱ ተቀንሶ 320,000 ሊትር ይሰጣል።

ውኃና ፍሳሽ፦ የ53 ቀን ፍጆታ ነው፣ ወንድሜ። እሱም በሣር ክዳን ከሆነ ቡናማ ሆኖ ይወርዳል። ማጠራቀሚያውስ? ባለ 10,000 ሊትር ሮቶ 32 ብትደረድር ከሩቅ የሚታየው ታሪኩ ሳይሆን ጥቁሩ ሮቶ ነው።

ጠጋኙ፦ ክረምቱን እየተጠቀምክ ስለምትሞላ 32 አያስፈልግም። ሻወሩንም 6 ሊትር በደቂቃ አድርገው፤ በ20 ክፍል በቀን 1,280 ሊትር ይተርፋል።

ቅርስ ተቆርቋሪ፦ ታንክ ለመቅበር ኮረብታውን እንዳትቆፍሩት ብቻ። ከአፈሩ ሥር ያለው ገና አልተጠናም።

አስጎብኚዋ፦ ለማደር የምታስቡ ደግሞ የደጋ ሌሊት ብርድ ነው፣ ማሞቂያውን ጠይቁ። የክፍሉ ምድጃ የሚያጨሰው ብዙ ጊዜ ጭስ ማውጫው ከጣሪያው ጫፍ ዝቅ ብሎ ሲቀር ነው። ጭሱን ሸሽቶ ከሰል በማንደጃ የሚያስገባላችሁ ካለ እንቢ በሉ፤ በተዘጋ ክፍል ከሰል ይገድላል። ሙቅ ውኃው በሶላር ከሆነ በደመናማ ቀን ምን እንደሚያግዘው ጠይቁ። አቅመ ደካማ ወላጅ ይዛችሁ ከሆነም መኪና እስከ የት እንደሚደርስ ሳታጣሩ አትክፈሉ።

ውኃና ፍሳሽ፦ እኔ እንዲፈቀድ የምስማማው በአንድ አንቀጽ ነው፦ ከየካቲት እስከ ግንቦት ምንጩ የመንደሩ ብቻ ይሁን፣ የሆቴሉ ታንክ ሲጎድል ክፍል ይዘጋ።

ጠጋኙ፦ ይህን የሚፈርም ባለሀብት አታገኝም።

ውኃና ፍሳሽ፦ እንግዲያው አይከራይ። ክዳኑን ብቻ አልብሱትና ይቆይ፤ ቆርቆሮ ሻወር አይፈልግም።