ጥቆማ፦ ጎንደር ላይ የሰፈር ልጆችን ክረምት ለማጫወት ምን ይሻላል?

ጥያቄ፦ ማራኪ አካባቢ ነን። ሰባት እናቶች ሆነን ከሐምሌ ጀምሮ የሰፈራችንን ልጆች ሰብስበን ልናጫውት አስበናል። ቦታውን፣ ዕቃውንና ገንዘቡን ከየት እንጀምር? የሞከራችሁ ካላችሁ ጠቁሙን።

መልስ፦ እህቴ፣ እኛ ሁለት ክረምት ሞክረነዋል። ከሁሉ በፊት የምመክራችሁ ገንዘብ ፍለጋን እንዳታስቀድሙ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ሰኔን ሙሉ ደብዳቤ ይዘን ከሱቅ ሱቅ ስንዞር ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ዝናቡ ገባ፣ ልጆቹም እኛን ሳይጠብቁ ወደ ቀሃ ወንዝ ወረዱ። ቀሃና አንገረብ ሐምሌ ላይ ምን እንደሚመስሉ ለጎንደር ሰው አይነገርም። በሁለተኛው ዓመት ሚያዝያ ላይ እድራችን ዘንድ ሄድንና «ገንዘብ አንጠይቅም፣ ዕቃ አውሱን» አልን። ነገሩ የተቃናው ያን ጊዜ ነው።

አስቡት፤ እድር ድንኳን አለው፣ አግዳሚ ወንበር አለው፣ ጀሪካን፣ ኩባያ፣ ትልልቅ ብረት ድስት አለው። ለክረምት የልጆች ጨዋታ የሚያስፈልገው ይኸው ነው። ለቅሶ በሌለበት ቀን ደግሞ ዕቃው ሁሉ መጋዘን ተቆልፎበት ነው የሚውለው። ብንከራየው ወይም ብንገዛው ያለን ገንዘብ ለአንድ ሳምንትም አይበቃንም ነበር። አንድ ነገር ግን ቀድማችሁ ተቀበሉ፤ ሰው ሲሞት ድንኳኑ ወዲያው ይሄዳል። አንድ ጠዋት 40 ልጅ ተሰብስቦ ድንኳኑ የለም፤ ሌሊት ጎረቤት አርፎ ኖሯል። ያን ቀን በረንዳ ላይ ተረት ሲሰሙ ዋሉ። ስለዚህ ድንኳኑን ብቻ አትመኑ፣ አጠገቡ ጣሪያ ይኑራችሁ።

ቦታን በተመለከተ የቀበሌ አዳራሽ፣ ሜዳና የትምህርት ቤት ግቢ ሞክረናል። አዳራሹ ዝናብ አያስገባም፤ ግን ድንገት ስብሰባ ይጠራና ልጆቹ ይወጣሉ። ሜዳው ያስደስታል፤ ሽንት ቤትና ውሃ ግን የለውም፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጭቃ ነው። የእኔ ምርጫ ትምህርት ቤት ነው፤ አጥር፣ ቧንቧ፣ ሽንት ቤትና በረንዳ በአንድ ላይ ታገኛላችሁ። ርዕሰ መምህሩን የሰኔ ፈተና ሳያልቅ አነጋግሩ፤ የቀበሌ ደብዳቤ ያዙ፤ ቁልፉን ማን እንደሚይዝና ግቢውን ማን እንደሚያጸዳ በጽሑፍ ተስማሙ። በየመሃሉ መንገድ በሚዘጋበት በዚህ ጊዜ፣ ልጅ በእግሩ የሚደርስበት ግቢ ራቅ ካለ ያማረ ቦታ ይበልጣል።

ሰዓቱ ከጠዋቱ 2:30 እስከ 5:30 ይሁን። የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ የሚበዛው ከሰዓት በኋላ ነው።

ኳስ ስትገዙ ውድ የቆዳ ኳስ አትግዙ፤ ጠጠሩ ላይ ስፌቱ ቶሎ ይፈታል። አራዳ ከሚሸጡት የጎማ ኳሱ ይሻላል፤ ከእሱም ይልቅ ልጆቹ ራሳቸው የሚሠሩት የካልሲ ኳስ ተመራጭ ነው። ውስጡን በጨርቅ ከሞሉት ውሃ መጥጦ ድንጋይ ይሆናል፤ ፌስታል ከሆነ ግን ቀሎ ይቆያል። ለገመድ ዝላይ የናይለን ገመድ እጅ ይልጣል፣ ቃጫው ይሻላል፣ ከዝናብ ብቻ አስገቡት። ለገበጣ እንጨቱን አትግዙ። 30 እንቁላል የሚይዘውን ካርቶን ስድስት ስድስት ጉድጓድ ባለው ሁለት ሁለት ረድፍ ብትቆርጡት ከአንዱ ሁለት ገበጣ ይወጣል። በየጉድጓዱ አራት፣ ለአንድ ገበጣ 48 ጠጠር ነው የሚፈልገው፤ ጠጠሩን መልቀም ራሱ ለትንንሾቹ ጨዋታ ነው። ለሰኞ ማክሰኞ ጠመኔ ይበቃል።

ለመጠጥ የታሸገ ውሃ ለ40 ልጅ አይቻልም። በእድሩ ጀሪካን የቧንቧ ውሃ ሞልተን፣ ውሃ አጋር ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ጨምረን፣ ግማሽ ሰዓት እናቆየዋለን። ለምግብ ብስኩት ተዉት፤ ቆሎና የቤት ዳቦ በየተራ ከየቤቱ ይምጣ።

ነሐሴ ሲገባ ግን ፍልሰታ ነው። የእኛ ሰፈር ልጆች ትንንሾቹም ሳይቀሩ ይጾማሉ፣ ቅዳሴውም እኩለ ቀን ላይ ነው። እኛ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ምግብ አናወጣም፣ 4:30 ላይ እንበትናለን፣ ሩጫውንም ቀንሰን ገበጣና ተረት እናበዛለን። የማይጾሙት፣ ሙስሊም ልጆቻችንም ጭምር፣ ድርሻቸውን ጠቅልለው ቤት ይወስዳሉ። በጾመኛ ልጅ ፊት ዳቦ መቁረስ ከባድ ነው።

አጫዋች ከሌላ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ለክረምት የተመለሱ የሰፈር ልጆችን ፈልጉ፤ በክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት እንዲመዘገቡ ቀበሌውን ጠይቁ። ለአሥር ልጅ አንድ አዋቂ መድቡ፤ ማንም አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር ብቻውን አይሁን። ይህ ላይ አትለሳለሱ። ሲገቡም ሲወጡም ስም ይጠራ፣ የወላጅ ስልክ መዝገቡ ላይ ይኑር።

ገንዘቡ የሚያስፈልገው ለጥቂት ነገር ነው፤ ለኳስ፣ ለሳሙና፣ ለፋሻና ቁስል ማጠቢያ፣ ለጥበቃው ማበረታቻ። ወላጅ እንደ አቅሙ ያዋጣ፤ የሌለው ልጅ ስሙ አይነሣ። በአንድ ሰው ቴሌብር ግን እንዳትሰበስቡ። ሦስት ፈራሚ ያለው፣ ሁለቱ ሳይፈርሙ የማይወጣበት የባንክ ሒሳብ ክፈቱ፤ ወጪውን በወሩ የእድር ስብሰባ ላይ ደረሰኝ ይዛችሁ አንብቡ። እኛ ካነበብን በኋላ ነው አንድ ዳቦ ጋጋሪ ሳንጠይቀው በየአርቡ ዳቦ መላክ የጀመረው።

«ሆያ ሆዬ የሚያገኙትን ለፕሮግራሙ ይስጡ» የሚል ሐሳብም መጥቶ ነበር። አልተቀበልኩትም። የቡሄ ሙልሙልና ሳንቲም የልጆቹ ነው።

ከአዘዞ አንድ አባት፦ ማጠናከሪያ ትምህርት ብታደርጉት ወላጅ ቶሎ አይከፍልም?

መልስ፦ ይከፍላል ጋሼ፣ እውነት ነው። ግን በፈተና የወደቀው ልጅ በማግስቱ ይቀራል፤ ወንዝ የሚወርደውም እሱ ነው። ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 31 ላይ ዕረፍትና ጨዋታን መብት ይላቸዋል። ለሚፈልግ በረንዳው ጥግ ላይ የተረት መጽሐፍ አስቀምጠናል፤ ከዚያ ያለፈውን ለመስከረም ትተነዋል።

ጠያቂዋ፦ እግዜር ይስጥልን። ነገ የእድሩን ሰብሳቢ እናነጋግራለን። ድንኳኑን ስንረከብ ምን እንይ?

መልስ፦ ሸራውን ዘርግታችሁ ቀዳዳውን እዩ፣ ገመዱን ሳቡት፣ ካስማዎቹን ቁጠሩና ቁጥሩን ሁለታችሁም ፈርሙበት። ልጆች ካስማ ነቅለው ይጫወቱበታል፤ እኛ ሁለት አጉድለን አሠርተን መልሰናል።