አህያዋን ለጅብ ትተናት ገባን፤ ምን ማድረግ ነበረብኝ?

የማቻክሉ ሐኪም፦
ሰላም ባልደረቦች። ከተመረቅሁ ሁለት ዓመቴ ነው። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ አንድ የእንስሳት ክሊኒክ እሠራለሁ። አንድ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል።

ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ነው፤ የገበያ ቀን። አንዲት እናት ጤፍ ጭነው ሲመጡ አህያቸውን አስፋልቱ ላይ አይሱዙ ገጨባቸው። ሹፌሩ አልቆመም። ልጆች ሮጠው ጠሩኝ። ስደርስ በጎኗ ተኝታለች። የኋላ ቀኝ እግሯ ከቋንጃዋ በላይ ተሰብሮ አጥንቱ ቆዳውን ቀዶ ወጥቷል። ጤፉ ፈስሶ ሴቶች በነጠላቸው ያፍሳሉ። አህያዋ አትጮህም። ያልቻልኩት ይህንን ነው። አህያ ስቃይዋን እንደምትደብቅ ተምሬያለሁ፤ ማየት ግን ሌላ ነው።

ሰዉ እንደከበበን «እማማ፣ ይህቺ አትድንም። በመርፌ ብገድላት ይሻላል» አልኳቸው። ፊታቸው ተለዋወጠ። «ምነው ልጄ! ስምንት ዓመት ያገለገለችኝን ላስገድላት? ነፍሷን የሰጣት ይውሰዳት እንጂ» አሉኝ። አንዱ ወጌሻ ይጠራ አለ። ሌላው ቀርከሃ ፈልጉና እንሰራት አለ። ወጌሻውም መጣ፣ አያት፣ ራሱን ነቅንቆ ሄደ።

መሸት ሲል አራት ጎረምሶች በሸራ ጎትተው ወንዝ ዳር አደረሷት። እማማ የተቆረጠ ጀሪካን ውስጥ ውሃ አስቀመጡላት። ጭድም ጨመሩላት። ከዚያ ሁላችንም ገባን። ማታ ምን እንደሚመጣ የማያውቅ ሰው እዚያ አልነበረም። የኔ ቤት ከወንዙ ሩቅ አይደለም። ሌሊቱን ሰማሁ።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ባለቤት እምቢ ካለ እኔ ምን ሥልጣን አለኝ? እሺ ቢሉኝስ በምን? ፔንቶባርቢታል የሚባለውን የመግደያ መርፌ ከደብተር ውጭ አይቼው አላውቅም። ያለኝ የሚያስተኙት ዛይላዚንና ትንሽ ኬታሚን ብቻ ናቸው። ሚሊሻ ለምኜ በጥይት እንዳላስመታት፣ በዚህ ጊዜ አንዲት ጥይት ስትጮህ ከተማው ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ።

ቆላ ተወላጅ፦
ወንድሜ፣ አህያ የጅብ ናት። አያቶቻችንም እንዲሁ ሲያደርጉ ነው የኖሩት። ሰው አምቡላንስ ባጣበት አገር ለአህያ መርፌ?

የማቻክሉ ሐኪም፦
እሺ። ግን እኔን የቀጠሩኝ ለአህያዋ ነው።

ሽበታሙ፣ ከመራዊ ማዶ፦
አንተ ልጅ፣ እኔ በዚህ ሥራ 23 ዓመቴ ነው። ከሁለተኛው ጥያቄህ ልጀምር፤ ከበድ የሚለው እሱ ነው።

ፔንቶባርቢታል ቢኖርህም ሬሳውን የት ልትጥለው ነው? መድኃኒቱ ሥጋው ውስጥ ይቆያል። አንዲት አህያ አሳርፌ ብለህ ጅቡን፣ የሰፈሩን ውሻና ጥንብ አንሳውን ታስተኛለህ። ማስታገሻም ራሱ ጣጣ አለው። ሕንድ አገር ለከብት የሚሰጥ ዲክሎፌናክ ጥንብ አንሳውን ሊጨርሰው ደርሶ ነው በ2006 እ.ኤ.አ. ለእንስሳት እንዳይሰጥ የታገደው። እኛ ጋ ደግሞ የሞተ የምናነሳው በጥንብ አንሳና በጅብ ነው፤ ማዘጋጃ ቤት አያነሳልህም።

በዛይላዚንና በኬታሚን ጥልቅ ሰመመን ውስጥ ካስገባሃት በኋላ ልብ የሚያቆም ፖታሲየም ክሎራይድ በደም ሥር መስጠት ይቻላል። እሱ ለበላተኛው የሚተርፈውን መርዝ ይቀንሳል፤ ቢሆንም መቅበር ነው። ነገር ግን ስማኝ! ነቅታ እያለች እንዳትሰጣት። የዓይኗን ብሌን ነክተህ ካርገበገበች ገና ነች ማለት ነው፤ ጠብቅ። ማግኒዥየም ሰልፌት ብቻውን የሚወጉም አይቻለሁ። ያ ሽባ ያደርጋታል እንጂ አያስተኛትም። እያወቀች ትታፈናለች። ከዚያ ጅቡ ይሻላል ልልህ ምንም አልቀረኝ።

በታኅሣሥ መሬቱ ድንጋይ ነው፤ አውቃለሁ። ጎረምሶቹን ጉድጓድ አስቆፍር። ሸራ ለመጎተት አራት ሰው ከተገኘ ለመቆፈርም ይገኛል።

የፈቃዱን ነገር ደግሞ አንድ በሬ ነው ያስተማረኝ። ለፋሲካ 11 ቀን ሲቀር ገደል ገብቶ እግሩ ተሰበረ። ባለቤቱ አያ እገሌ «እስከ ፋሲካ አቆይልኝ፤ አሁን በሁዳዴ ማን ሥጋ ይገዛኛል?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ያ በሬ የቤቱ ግማሽ ሀብት ነው። ማስታገሻ ብሰጠው መድኃኒቱ ከሥጋው እስኪወጣ አይታረድም። ባልሰጠው 11 ቀን እንዲያ ሆኖ ሊቆም ነው። ተናድጄ ጭካኔ ነው ብዬ ልጮህባቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ሚስታቸው ቀደመችኝ፤ «ቋንጣ ይሆናላ!» አለች። የነፍስ አባታቸውን ጠየቁ፤ ጾም የሚያስፈርሰው መብላቱ ነው አሏቸው። ጎረቤት በዱቤ ቅርጫ ገባ። በሬው በዚያው ቀን ታረደ፤ ዘልዝለው ሰቀሉት። የኔ ሙያ ምንም አልሠራም፤ ቋንጣው ነው የሠራው።

ለማንኛውም «ልግደላት» አትበል። «ላሳርፋት» በል።

የገበሬ ልጅ፣ ባሕር ዳር፦
እኔ ሐኪም አይደለሁም። አህያ ያሳደገኝ ነኝ። የትምህርት ቤት ደብተሬ የተገዛው እናቴ አህያ ጭና ወፍጮ ቤት እየተመላለሰች ባገኘችው ነው። እማማን አትቀየሟቸው። ጅብ ቢበላት የጅብ ሥራ ነው። እሳቸው እሺ ብለው ብትሞት ግን ስምንት ዓመት የበሉት እንጀራ ይወቅሳቸዋል። እናቴ ብትሆን እንደዚያው ነበር የምትለው። ውሃና ጭዱን ያስቀመጡት ትበላለች ብለው ይመስላችኋል? እንደዚያ ካላደረጉ ቤታቸው መግባት አይችሉም።

ጋሼ «ላሳርፋት በል» ያሉትን ወድጄዋለሁ። ግን ቃል ብቻ ይመስልዎታል?

ሽበታሙ፣ ከመራዊ ማዶ፦
ቃል ብቻ አይደለም ልጄ። ግን በቃል ይጀመራል። ሥልጣን ላለው ጥያቄ፣ ባለቤት እምቢ ሲል ተደብቆ መውጋት የለም። አንድ ጊዜ አድርጌዋለሁ። ለሁለት ዓመት ያ ቀበሌ ከብት አላመጣልኝም፤ አባ ሰንጋም ሲገባ አልጠሩኝም። ከስቃይ ያረፈችው ነፍስ አንዲት፣ ሳይታከሙ የሞቱት ብዙ።

የማቻክሉ ሐኪም፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ ሰመመኑን ጻፍ አድርጌ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። የሆነውን ልንገራችሁ።

ትናንት እማማ ክሊኒክ መጡ። ዶሮዎቻቸውን የፈንግል ክትባት ሊያስከትቡ ነው፤ ስድስት ዶሮ በቅርጫት። ቀና ብዬ ላያቸው አፈርኩ። እሳቸውም ዝም አሉ። አምስተኛዋን ዶሮ ስይዝ «የዚያን ቀን መድኃኒቱ በእጅህ ነበር?» አሉኝ።

«የሚያስተኛው ነበረኝ እማማ።»

«ሳይሰማት ነበር?»

«ከተኛች በኋላ አይሰማትም ነበር።»

ስድስተኛዋን ዶሮ ራሳቸው አውጥተው ሰጡኝ። ዓይኗ ላይ ጠብታውን አደረግሁ። ቅርጫቱን ሸፈኑና ተነሡ። በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር አሉ።

«ሰው ፊት እኮ ነው የጠየቅኸኝ» አሉኝ።