ወፍራሙ ፕሌይስቴሽን 2 ዲቪዲ አልከፍት አለ፤ ሌንስ ልቀይር ወይስ ሌላ መፍትሔ አለው?

የአራት ኪሎዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ወንድሞቼ ከቤት ሲወጡ ፕሌይስቴሽን 2ቱ ለእኔ ቀረ፤ ቀጭኑ ሳይሆን የመጀመሪያው ወፍራሙ ነው። ከጀርባው የሞዴል ቁጥሩ ኤስሲፒኤች 39004 ይላል። ቺፕ ስለተበየደለት ኮፒ ዲስክም ይቀበላል።

ልጆቼ ቅዳሜ ከሰዓት የኳስ ጨዋታ ይጫወቱበታል፤ እኔም ተራ ይደርሰኛል። ከስልክ ጨዋታ ይልቅ ይህንን እመርጥላቸዋለሁ። ሁለቱም አንድ ሶፋ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዱ ጎል ሲያገባ የሌላውን ፊት እያየ ነው የሚጨፍረው። በመሀል ማስታወቂያ አይገባም፤ ገንዘብ ክፈሉ አይልም፤ ኢንተርኔት ተቋረጠ ተብሎም አይቆምም። በዚያ ላይ ሚሞሪ ካርዱ ውስጥ ወንድሞቼ አንድ ክረምት ሙሉ ቁጭ ብለው የቅዱስ ጊዮርጊስንና የኢትዮጵያ ቡናን ተጫዋቾች ስም አስገብተው፣ ማልያቸውን ቀለም መርጠው ያስቀመጡት ቡድን አለ። ትልቁ ልጄ ከዚያ ውጭ በሌላ ቡድን አልጫወትም ይላል።

ችግሩ እንዲህ ነው። የሙዚቃ ሲዲ ያጫውታል። የፕሌይስቴሽን 1 ጨዋታዎችንም፣ ሆዳቸው ሰማያዊ የሆኑትንም ዲስኮች ይከፍታል። ሆዳቸው ብርማ የሆኑት ዲቪዲዎች ሲገቡ ግን ለረጅም ጊዜ ይንኮራኮርና ዲስኩን አላወቅሁትም የሚለውን ቀይ ገጽ ያመጣል። ከውጭ የተላከችልን አንዲት ኦሪጅናል ዲቪዲ ብቻ አብዛኛውን ጊዜ ትከፈታለች። በተጨማሪም በበራ ቁጥር ቀንና ሰዓት አስተካክሉ ይለኛል፤ ካርዱ ላይ ያለው እንዳይጠፋብኝ ሰግቻለሁ።

አንድ ጥገና ቤት ሳይከፍተው «ሌንሱ ሞቷል» አለኝ። ሌላው «በካቻቢቴ ትንሽ ጠምዘዝ አድርጌ አስነሣዋለሁ» አለኝ። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ጥለሽው በላፕቶፕ ተጫወቱ ይላል። እኔ መጣል አልፈልግም። የምታውቁ ሰዎች ምን ትመክሩኛላችሁ?


የካዛንቺሱ ጠጋኝ፦

እህቴ፣ ሳይከፍት ሌንሱ ሞቷል ያለሽ ሰው ቸኩሏል። ጠምዝዤ አስነሣዋለሁ ላለሽ ግን ማሽኑን በምንም ምክንያት አትስጪው።

ካዛንቺስ ከመፍረሱ በፊት እዚያ የፕሌይስቴሽን ቤት ነበረኝ። ልጆቹ የሚከፍሉት በጨዋታ ስለነበር አንድ ማሽን ቆመ ማለት የዕለቱ ገቢ ጎደለ ማለት ነው፤ ስለዚህ ራሴ ፈትቼ መጠገን ተማርኩ። ዛሬ ሥራዬ ይኸው ሆኗል። እነዚህ ማሽኖች በጨዋታ ቤት ውስጥ ያን ሁሉ ዓመት ከጠዋት እስከ ማታ ሲሠሩ አይቻለሁና በቀላሉ ሞቱ ሲባል አልቀበልም።

አንቺ የጻፍሽው ነገር ግማሹን ምርመራ ጨርሶታል። ሌንስ ብለን የምንጠራው ክፍል በውስጡ ሁለት ዓይነት ሌዘር አለው። ለሲዲ የሚያገለግለው የሞገድ ርዝመቱ 780 ናኖሜትር ነው፤ ለዲቪዲ የሚያገለግለው 650 ናኖሜትር። የሙዚቃ ሲዲ፣ የፕሌይስቴሽን 1 ጨዋታ፣ ሆዳቸው ሰማያዊ የሆኑት የፕሌይስቴሽን 2 ዲስኮች ሁሉም ሲዲ ናቸው። እነርሱ ከተከፈቱ ሞተሩ በትክክል ይዞራል፣ የሲዲው ሌዘርም ደህና ነው። ኦሪጅናሏ ዲቪዲ ከተከፈተች ደግሞ የዲቪዲው ሌዘር በሕይወት አለ። የቀረው ወይ ሌንሱ ቆሽሿል፣ ወይ ሌዘሩ መድከም ጀምሯል፣ ወይ ዲስኮቹ ራሳቸው አርጅተዋል። ሰው ሁሉ ማሽኑን ሲጠረጥር እኔ መጀመሪያ ዲስኩን ነው የምጠረጥረው።

ምክንያቱን ላስረዳሽ። ኦሪጅናል ዲስክ ላይ መረጃው ፋብሪካ ውስጥ ፕላስቲኩ ላይ የታተመ ጥቃቅን ጉድጓድ ነው። ኮፒ ዲስክ ላይ ያለው ግን ሌዘር የለወጠው ቀለም ነው። ያ ቀለም በብርሃንና በሙቀት ከዓመት ዓመት ይጎዳል። እኛ አገር አብዛኛው የጨዋታ ዲስክ ኮፒ ነበር፤ ያለ ማቀፊያ ተደራርቦ፣ መስኮት ሥር ፀሐይ ሲመታው የኖረ ነው። ስለዚህ ዲስኮችሽን በኮምፒውተር ዲቪዲ ማንበቢያ ሞክሪያቸው። ኮምፒውተሩም አንብቦ መጨረስ ካቃተው ለዚያ ዲስክ ማሽንሽን አትውቀሺ። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለሽ ያገለገሉ ኦሪጅናል ዲስኮች አስመጪ፤ የማሽንሽ ቁጥር መጨረሻ 4 መሆኑ የአውሮፓ ምርት መሆኑን ስለሚያሳይ ዲስኩም የአውሮፓ እትም ቢሆን ይመረጣል።

አሁን ወደ ካቻቢቴው ልመለስ፤ ይህ ነገር ያናድደኛል። ሌንሱ ላይ ሁለት በጣም ጥቃቅን መጠምዘዣዎች አሉ፤ አንዱ ለሲዲ፣ አንዱ ለዲቪዲ። ወደ ሌዘሩ የሚሄደውን የኤሌክትሪክ መጠን የሚወስኑ ናቸው። ሲጠመዘዙ ሌዘሩ ይደምቃል፤ የደበዘዘውም ዲስክ ይከፈታል፤ ባለቤቱ ደስ ብሎት ከፍሎ ይሄዳል። ግን ይህ የደከመን አህያ በጅራፍ ዳገት እንደ ማስወጣት ነው። ከልኩ በላይ የሚነድ ሌዘር ዕድሜው ያጥራል፤ ከሞተ በኋላ ደግሞ ማንም አያስነሣውም። ስንት ጤነኛ ሌንስ በዚህ መንገድ ሲያልቅ አይቻለሁ! ቆሻሻው በጥጥ የሚጠረግ ሆኖ ሳለ ሌንሱን ማቃጠል ምን የሚሉት ጥገና ነው?

ማጽዳቱን በቤትሽ ማድረግ ትችያለሽ። ገመዱን ከግድግዳው ንቀይና ትንሽ ቆዪ። ማሽኑን ገልብጠሽ ከታች ያሉትን ትንንሽ ክዳኖች በማንሣት ብሎኖቹን ፍቺ፤ ከዚያ ወደ ቦታው መልሰሽ የላይኛውን ክዳን ቀስ ብለሽ አንሺ። ፊት ለፊት ካሉት ቁልፎች የሚመጣ በጣም ስስ ጠፍጣፋ ገመድ አለ፤ ክዳኑን በጉልበት የሚነቅል ሰው እርሱን ይቆርጠዋል። ክዳኑን ሙሉ በሙሉ ሳታርቂ ወደ ጎን አስተኚው። ከዚያ የዲስክ ማንበቢያውን ሽፋን ብሎኖች ስትፈቺ ሌንሱ ወለል ብሎ ይታያል።

ለመጥረጊያ ስልክ ጠጋኞች የሚጠቀሙበት አይሶፕሮፒል አልኮል ከሁሉም ይሻላል። ፋርማሲ የሚሸጠው 70 በመቶው ውኃ ስላለበት ሌንስ ላይ ነጠብጣብ ይተዋል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አሴቶን ግን በፍጹም አይነካ፤ ሌንሱ ፕላስቲክ ስለሆነ ያበላሸዋል። የጆሮ ጥጡን በጥቂቱ አርጥበሽ ሳትጫኚ ከመሀል ወደ ዳር አዙሪው፤ ሌንሱ የተንጠለጠለው በቀጫጭን ሽቦዎች ነው። ማሽኑ የሚቀመጠው ቡና የሚፈላበት፣ ዕጣን የሚጨስበት ክፍል ከሆነ ጥጡ ቢጫ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ጭሱ ሌንሱ ላይ ስስ ቅባት ይሠራል፤ አቧራ ደግሞ እዚያ ቅባት ላይ ይጣበቃል።

ሌንሱ የሚሄድበትን ሐዲድና ጥምዝ ዘንጉን እይ። የድሮው ግሪስ ደርቆ ከሆነ ጠርገሽ በጣም ጥቂት ነጭ ግሪስ ቀቢ። የልብስ ስፌት ማሽን ዘይት አትጠቀሚ፤ ቀጭን ስለሆነ ይፈስሳል። ከኋላ ያለውን ማራገቢያም በብሩሽ አጽጂ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ በመሆኑ ሙቀት ተሸክሞ የመውጣት አቅሙ ያንሳል። ስለዚህ ማሽኑን የተዘጋ ቁም ሣጥን ውስጥ ወይም ጥልፍ ጨርቅ አልብሶ ማሠራት አይገባም።

ቀንና ሰዓት የሚጠይቅሽ ሲአር2032 የምትባለው ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ ስላለቀች ነው። እርሷ ሰዓት ከመያዝ ያለፈ ሥራ የላትም፤ ሚሞሪ ካርዱ ያለ ባትሪ ነው የሚይዘው። የጊዮርጊስና የቡና ልጆች በሰላም ናቸው።


የስድስት ኪሎው ተማሪ፦

ጋሼ ስለ ማሽኑ ጨርሰውታል፤ እኔ ስለ ቴሌቪዥኑ ልጨምር። እህቴ፣ የሚጫወቱት በአዲሱ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ነው? ከሆነ አንድ ነገር ሞክሩ። ፕሌይስቴሽን 2 የተሠራው ለድሮው ባለ ቱቦ ቴሌቪዥን ነው። አዲሱ ቴሌቪዥን የሚመጣለትን ዝቅተኛ ጥራት ያለው ምስል ወደ ራሱ መጠን ሲያሳድግ ጊዜ ይወስዳል፤ ያ ጊዜ ሴኮንድ ባይሞላም ኳስ ለሚያቀብል ልጅ ይሰማዋል። ቁልፉን ይጫናል፣ ተጫዋቹ ዘግይቶ ይመታል። በቴሌቪዥኑ ማስተካከያ ውስጥ «ጌም» የሚል የምስል አማራጭ ካለ መዘግየቱን ይቀንሳል። ቢጫ፣ ቀይና ነጭ ጫፍ ካለው ገመድ ይልቅ አምስት ጫፍ ያለው ኮምፖነንት ገመድ ከተገኘ ደግሞ ምስሉ በጣም ይጠራል።

እኔ ግን መርካቶ ምናለሽ ተራ ሄጄ ባለ ቱቦውን ገዛሁ፤ ሰው ቦታ ያዘብኝ ብሎ የሚያወጣው ብዙ ነው። ሳይገዙ ሰክተው ምስሉን ይዩ፤ ቀለሙ ጥግ ጥጉ ላይ ካልተበላሸና መሀሉ ካልደበዘዘ ይግዙ። ብቻ ማንም ሰው ከኋላ እንዳይከፍተው። ቱቦው ከተነቀለ በኋላም ቢሆን ሰው የሚጎዳ ከፍተኛ ቮልቴጅ ይዞ ሊቆይ ይችላል፤ ያ ሥራ የባለሙያ ብቻ ነው።


ለገሃር ነኝ፦

ጥያቄ በጥያቄ ላይ እንዳይሆንብኝ እንጂ፣ አጎቴ ከዋሽንግተን ወፍራሙን ፕሌይስቴሽን 2 ልኮልኛል። ቁጥሩ መጨረሻ 1 ነው። እንዲሁ ልሰካው?


የካዛንቺሱ ጠጋኝ፦

እንዳትሰካው! መጨረሻው 1 የሆነው ለአሜሪካ የተሠራ ነው፤ የሚቀበለው 120 ቮልት ነው። የእኛ ግድግዳ 220 ነው። ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር ግዛ፣ ከማሽኑ ጀርባ የተጻፈውን ዋትም የሚችል ይሁን። ስታቢላይዘር ይበቃል የሚሉህ ሰዎች አሉ፤ የቤት ስታቢላይዘር 220ውን ያረጋጋል እንጂ በራሱ ወደ 120 አያወርድልህም። ማንኛውንም ከውጭ የመጣ ማሽን ከመሰካትህ በፊት ጀርባው ላይ የተጻፈውን ቮልት አንብብ። ሴጋ የሚባለው የድሮ ጨዋታ ማሽንም ያው ነው፤ እንዲያውም ሜጋ ድራይቭ የተባለው የሴጋ ማሽን የመጀመሪያው ሞዴልና ሁለተኛው ሞዴል የኃይል መስጫቸው ዋልታ (ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ) የተገላቢጦሽ ስለሆነ ጫፉን ቀይሮ የአንዱን ለአንዱ መስጠት አደገኛ ነው።


የአራት ኪሎዋ፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንዳሉኝ ባለቤቴ ብሎኑን እየያዘ እኔ ከፈትኩት። ያ ስስ ገመድ የት እንዳለ ባይነግሩን ኖሮ በርግጥ እንቆርጠው ነበር። ጥጡ ቢጫ ሆኖ ወጣ! ማሽኑ የሚቀመጠው ልክ ረከቦቱ አጠገብ ነው፤ አሁን ወደ መኝታ ቤቱ ግድግዳ አዛውሬዋለሁ።

ኦሪጅናሏ አሁን ወዲያው ትከፈታለች። ከኮፒዎቹ የተወሰኑት ተመለሱ፤ የኳስ ጨዋታውም ከተመለሱት ውስጥ ነው። የቀሩት ግን እምቢ ብለዋል፤ በኮምፒውተርም ሞክሬያቸው መሀል ላይ ይቆማሉ። እነርሱን ተሰናብቻቸዋለሁ። ለወንድሜ ኦሪጅናል እንዲፈልግልኝ ጽፌለታለሁ። ባትሪዋንም ቀየርኩ።

ሁለት ነገር ልጨምር። መብራት ድንገት ሲሄድ ካርዱ ላይ እየጻፈ ቢሆን ምን ይሆናል? ሌላው፣ አንዱ ጆይስቲክ ላይ የኤክስ ቁልፍ በኃይል ካልተጫኑት አይሠራም። ልጆቹ ማን ይውሰደው ብለው ይጣላሉ።


የካዛንቺሱ ጠጋኝ፦

ደስ አሰኘሽኝ። ኮፒዎቹ እምቢ ሲሉ መጠምዘዣውን አለመንካትሽ ይበልጥ ደስ አሰኝቶኛል።

መብራቱ እየጻፈ ሳለ ከሄደ ያ ፋይል ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ ሁለተኛ ባለ 8 ሜጋባይት ካርድ ፈልጊ። ማሽኑ ያለ ዲስክ ሲበራ በሚመጣው ገጽ ላይ «ብራውዘር» የሚለውን ስትመርጪ የካርዶቹ ይዘት ይታያል፤ ከዚያ የወንድሞችሽን ቡድን ወደ ሁለተኛው ገልብጪና ካርዱን ነቅለሽ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጪ። ይህን ዛሬ አድርጊው። መብራት ሲሄድም የማሽኑን የኋላ ማብሪያና ማጥፊያ አጥፊ፤ ወፍራሙ ከቀጭኑ የሚበልጥበት አንዱ ነገር ይህ ማብሪያ ነው። መብራት ሲመለስ ቮልቱ ሊዘል ስለሚችል እስኪረጋጋ ጠብቂ። ዲቫይደሩ ላይ ከፍሪጅና ከምድጃ ጋር አብረሽ አትሰኪው።

ጆይስቲኩ የፕሌይስቴሽን 2 የራሱ የሆነው ዱዋልሾክ 2 ከሆነ ቀላል ነው። ከጀርባ ያሉትን ብሎኖች ፈትተሽ ስትከፍቺው ከቁልፎቹ ሥር ስስ የፕላስቲክ ወረቀት ላይ የታተመ መስመር ታያለሽ። የዚያን ወረቀት ጫፍ ከኤሌክትሪክ ሰሌዳው ጋር አጣብቆ የሚይዘው ትንሽ ስፖንጅ ነው። ከዓመታት ብዛት ስፖንጁ ይተኛል፣ ግንኙነቱም ይላላል። ከስፖንጁ ሥር ቀጭን የካርቶን ቁራጭ ወይም ሁለት ድርብ ፕላስተር አድርጊና ዝጊው። ከዚያ በፊት ግን ወረቀቱንና የቁልፎቹን ጎማ በዚያው አልኮል ጥረጊ፤ የልጆች እጅ ከብስኩት ጋር ስለሚመጣ እዚያ ውስጥ ብዙ ነገር ታገኛለሽ። ሲከፈት የሚወድቁትን ቁልፎች ቦታ እንዳይጠፋብሽ አስቀድመሽ በስልክሽ ፎቶ አንሺው።